መስኮት ያልነበረው መጋረጃ

ልብስ ሰፊዋ በርጩማ ላይ ቆማ፣ ስፒሎቹን በከንፈሮቿ መሃል ነክሳ፣ የመጋረጃውን ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ስፒል በአፏ ይዛ መልስ መስጠት እንደማትችል አማቷ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የልባቸውን ሁሉ የሚናገሩትም በዚህ ሰዓት ነው።

«እኔ እምልሽ» አሉ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «መስኮት ለሌለው ግድግዳ መጋረጃ መስቀል፣ ለመላጣ ማበጠሪያ እንደ መሸለም አይሆንም?»

ሰፊዋ በአፍንጫዋ ሳቀች። ስፒሎቹ ተንቀጠቀጡ።

«አትሳቂ፣ ትውጪዋለሽ። ኋላ ሐኪሙ ሆድሽን ከፍቶ ሲያይ፣ ይሄስ ተዘምዝሞ ያለቀ ነው ብሎ መልሶ ይዘጋዋል።»

ግድግዳው የአማቷ መኝታ ክፍል የኋላ ግድግዳ ነው። ሰፊዋ ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ግዙፍ ቁም ሳጥን ተደግፎት ኖሯል። ቁም ሳጥኑ ባለፈው ሳምንት ተሽጦ ሲወጣ የራሱን ጥላ የመሰለ ጥቁር አሻራ ትቶ ሄደ። ቀለም ቀቡት፤ አሻራው ተመልሶ ብቅ አለ። ደግመው ቀቡት፤ እሱም ደግሞ ብቅ አለ። ነገ ደግሞ ቤቱ ለሽያጭ ፎቶ መነሳት አለበት። ሰፊዋን ልብስ ስፌት ያስተማረቻት ሴት አንድ የማትረሳ ምክር ነበራት፦ የጨርቅ እንከን አይቀደድም፣ ኪስ ይለጠፍበታል። እነሆ ኪሱ እየተለጠፈ ነው፤ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ፣ የማር ቀለም ያለው፣ ወፍራም ኪስ።

ቤቱን መሸጥ የፈለጉት ጠልተውት አይደለም። ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትሠራው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ደንበኞቿ እያለከለኩ ይደርሳሉ፣ እያለከለኩም ይለካሉ። የሚያለከልክ ሰው ደረት ደግሞ የራሱ ደረት አይደለም፤ የደረጃው ነው። ስለዚህ ከእሷ ዘንድ የወጣ ቀሚስ ሁሉ ባለቤቱ ቤት ሲደርስ ተርፎ ይገኛል። «ትንሽ አረፍ በሉ» ትላቸዋለች። የቸኮለ ሰው ግን መቼ ያርፋል።

ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ፎቶ አንሺው ሥራውን ሊተው ስለሆነ የሚለቀው ሱቅ አለ። ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ከጀርባው ሁለት ክፍልና ኩሽና አለው። ሰፊዋ በዚያ በኩል ስታልፍ ስታገድም ስንት ጊዜ ግንባሯን መስታወቱ ላይ እንደለጠፈች አንድዬ ይወቀው። ፎቶ አንሺው «እስከ ወሩ መጨረሻ ላንቺ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስልክ ሻጩ አፍንጫዬ ሥር ቆሟል» ብሏታል። ያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

አማቷ ደግሞ ከእሷ ብሰው ተገኙ።

«ከመስታወቱ ጀርባ ወንበሬን ታስቀምጪልኛለሽ። የሚሳፈረውንና የሚወርደውን እያየሁ እውላለሁ። እስከ ዛሬ ያየሁት ግድግዳ ይበቃኛል፤ የቀረኝን ዕድሜ ሰው ልይበት።»

የሰፈሩን ደላላ መጥራት ለሰፈሩ ሁሉ ጥሩንባ መንፋት ስለሆነ፣ በስልክ የሚሠራ የኢንተርኔት ደላላ ተመረጠ። ፎቶ ይላክለታል፣ አድራሻ ይሞላለታል፤ የቀረውን ማሽኑ ራሱ ይጽፋል፣ ገዢም ራሱ ያመጣል። ገዢና ሻጭ ቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት እስኪገናኙ ድረስ ስልክ አይለዋወጡም። አማቷ «ፊት የለሹ ደላላ» ብለው ስም አወጡለት። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፣ «ፊት ያለውስ ቢሆን መቼ አፍሮ ያውቃል» ብለው ተስማሙ።

በማግስቱ ፎቶዎቹ ተነሱ፣ ተላኩ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስልኩ ላይ ወጣ። ሰፊዋ አልጋው ላይ ከአማቷ ጎን ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበች።

«ፀጥ ባለ ሰፈር የሚገኝ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ አራት ክፍል፣ ስድስት መስኮት።»

«ስንት መስኮት?»

«ስድስት።»

«ያለን አምስት ነው።»

ሰፊዋ ተነስታ ቤቱን ዞረች። ደረጃውን ወጣች፣ ወረደች።

«አምስት ነው» አለች እያለከለከች።

«የሽንት ቤቱን ጨምረሽ?»

«ጨምሬ።»

«የበሩን ብርጭቆ?»

«እሱ በር ነው እማማ።»

«እኔ እንጃ፣ ለማገዝ ብዬ ነው።»

ሰፊዋ ስልኩን ወደ ታች አንሸራተተችው። ከፎቶዎቹ አንዱ ሥር እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ የኋላ መኝታ ክፍል። ወደ ምዕራብ የሚያይ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ግሩም መስኮት። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ያገኛል።

ሁለቱ ሴቶች ቀስ ብለው ዞረው መጋረጃውን አዩት። መጋረጃው ምንም እንዳላጠፋ ሰው ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

መጀመሪያ የሳቁት አማቷ ናቸው። ሳቃቸው ሲጀምር ሳል ነው የሚመስለው፤ ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ነው ሳቅ መሆኑ የሚታወቀው። ሰፊዋ ግን ፊቷ ቀላ። ሰው አታለለች መባል ለሷ ሞቷ ነው። ደንበኛ ጨርቅ አምጥቶ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ቢተርፍ እንኳ ጠቅልላ የምትመልስ ሴት ናት። ቶሎ ብላ ለደላላው ጻፈች፦ ይቅርታ፣ የኋላ መኝታ ክፍል መስኮት የለውም። መጋረጃ ብቻ ነው ያለው።

መልሱ ወዲያው መጣ። ስለ ማረሚያዎ እናመሰግናለን። ፎቶውን ደግመን አይተናል። መጋረጃ ተገኝቷል። የመስኮቱ ዓይነት፦ የተሸፈነ።

ሰፊዋ ደግማ ጻፈች፦ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው።

ስለ ማረሚያዎ እናመሰግናለን። ግድግዳ ተገኝቷል። መስኮቱ ያለው ግድግዳው ላይ ነው።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አሉ አማቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እንግዲህ ማሽኑ አለ ካለ አለ ነው። እኛ ማን ነን?»

«ነገ መጋረጃውን አውርጄ ሌላ ፎቶ አነሳለሁ» አለች ሰፊዋ።

ነገ ግን የራሱን ነገር ይዞ መጣ። ጠዋት ስልኩን ስትከፍት አራት መልእክት ተደርድሯል። ሦስቱ መጋረጃው ከየት እንደተገዛ የሚጠይቁ ናቸው። አራተኛው እንዲህ ይላል፦

ነርስ ነኝ። ሁልጊዜ የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ጠዋት እተኛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እነቃለሁ። እስካሁን ያየሁት ቤት ሁሉ መኝታው ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ፀሐይ የምታገኘኝ ልተኛ ስል ነው፣ ስነቃ ሄዳ ትጠብቀኛለች። የእናንተ የምዕራብ መስኮት ልቤን ወሰደው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቼ ልየው?

ከሥሩ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ ይምጡ፣ ሌላው አይመቸኝም ይላል። ሰፊዋ ፎቶ አንሺውን አሰበች፣ ስልክ ሻጩን አሰበች፣ ግንባሯን የለጠፈችበትን መስታወት አሰበች። ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ይምጡ የሚለውን ነካ። ያን ጊዜ ሌላ መልእክት ብቅ አለ፦ ቀጠሮ የተያዘለት ቤት ፎቶም ሆነ መግለጫ ጉብኝቱ እስኪያልፍ አይቀየርም። መልካም ሽያጭ።

«ምን አልሻት?» አሉ አማቷ።

«እሺ አልኳት።»

«ለመስኮቱ?»

«ለቅዳሜው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ አማቷ፤ ግን ፊታቸው ላይ ያለው ተግሣጽ ሳይሆን የሠርግ ዋዜማ ነበር። ነገር ሲወሳሰብ ደስ ይላቸዋል። «በይ እንምከር። ከመጋረጃው ጀርባ አምፖል ብናበራስ? ፀሐይ ናት ብንላት?»

«መጋረጃውን ልክፈተው ብትልስ?»

«መስኮቷ ዛሬ አሟታል፣ አትንኪያት እንላለን።»

«እማማ።»

«ዳመና ከሆነ ደግሞ መከፈቱም አያስፈልግ። ዳመና እንዲሆን እጸልያለሁ።»

ሰፊዋ ሳቋ መጣባት፤ ሳቋና ጭንቀቷ አንድ በር ላይ ተገፋፍተው ሳቁ ቀድሞ ወጣ። ሆዷን ይዛ አልጋው ላይ ወደቀች። ሲበርድላት ጣሪያውን እያየች፣ «ለመሆኑ» አለች፣ «ይሄ ክፍል ለምን መስኮት አልተሠራለትም? ሁሉም ክፍል አለው፣ ይሄ ብቻ የለውም። አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅም።»

አማቷ ሳቃቸውን ሰበሰቡ።

«ነበረው እኮ» አሉ።

«ምን ነበረው?»

«መስኮት። እዚያው መጋረጃሽን የሰቀልሽበት ቦታ።»

ነገሩ የመሰላል ነገር ነበር። ሰፊዋ ሳትመጣ በፊት፣ የአማቷ ባል ከቤቱ ጀርባ ላለው ጎረቤት፣ ለባቡር ነጂው፣ መሰላል አዋሱት። መሰላሉ ቆየ፤ ሲቆይ ደግሞ ከመሰላልነት አልፎ ነገር ሆነ። አንድ ጠዋት የአማቷ ባል ሰው በተሰበሰበበት ባቡር ነጂውን ሌባ አሏቸው። ያኑ ዕለት ማታ ደግሞ የዚያን ሰው ፊት ዳግም አላይም ብለው መስኮቱን በጡብ ደፈኑት። ልስኑ ሳይደርቅ ቁም ሳጥኑ ተገፍቶ ቆመበት።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ ምን እላለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ባሌ ተናዷል። ነገ ቁጣው ሲበርድለት ይከፍተዋል ብዬ ተኛሁ።» አማቷ ግድግዳውን አዩ። «ያ ነገ ዘገየ።»

ሰፊዋ ከአልጋው ላይ ተፈናጥራ ተነሳች። ያን ጊዜ የተሰማትን ነገር ሰው ቢጠይቃት፣ መቀስ ጨርቅ ላይ ሳይይዘው ሲሸራተት የሚሰማት ዓይነት ነገር ነበር ትላለች።

«ቱንቢን ልጥራው» አለች።

ቱንቢ የአማቷ የመጨረሻ ልጅ፣ የሰፊዋ ዋርሳ ነው። ግንበኛ ነው። ሰው ሲያናግር እንኳ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቱንቢ ክር ቀጥ ማለቱን የሚያጣራ ስለሚመስል ነው ይህ ስም የወጣለት። አመሻሽ ላይ ከሥራው ሲመለስ ልብሱ ስሚንቶ እንደለበሰ መጣ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ማንኳኳት ጀመረ፤ እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠግቶ።

«አስታውሰዋለሁ» አለ። «ጡቡን ለአባዬ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ግንብ ይሄ ነው። እንደዚህ የተጣመመ ሥራ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም። ዛሬ ላፈርሰው ከሆነማ ሻይም አልፈልግ።»

«እስከ ቅዳሜ ይደርሳል?» አለች ሰፊዋ።

«የላዩ አግዳሚ እንዳለ ነው፤ የጎኑም ግንብ ጤነኛ ነው። የተሰካውን ጡብ ማውጣት ብቻ ነው። መስኮቱን ደግሞ ከፈረሰ ቤት ያወጣሁት አንድ አለኝ፤ ብርጭቆው እንኳ አልተሰበረም። ጭንቁ እሱ አይደለም እትዬ።» አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ጭንቁ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሰውዬ ናቸው። መስኮቱ ጓሯቸው ላይ ነው የሚከፈተው። ሄዶ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።»

ሁለቱም አማቷን አዩ።

«እኔ?» አሉ አማቷ። «ከዚያ ሰውዬ ጋር የመጨረሻ ቃል የተለዋወጥነው ጥርሴ ሁሉ በቦታው ሳለ ነው።»

«በሉ እንግዲህ አስቡበት። እኔ እስከዚያው የጡቡን ውፍረት ልይ» አለ ቱንቢ። መሮውን ደግኖ በመዶሻው አንድ ሁለት አለው። አሮጌው ጭቃ ከተጠበቀው በላይ በስብሶ ኖሮ፣ አንዱ ጡብ ሳይለመን ወደ ውጭ ተንሸራቶ ወደቀ። ከማዶ ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ምንም። ቀጥሎ በቀዳዳው ውስጥ አንድ ዓይን ታየ፤ ሽበታም ቅንድብ ያለው።

«ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር» አለ ከማዶ የመጣው ድምፅ። «ዓይን ማውጣቱን ግን ዛሬ ነው ያየሁት።»

ሰፊዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ቱንቢ ከመሮው ጋር ወደ ኋላ አለ። አማቷ ግን ከአልጋቸው ተነሱ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቀዳዳው ፊት ለፊት ቆሙና ለቱንቢ እንዲህ አሉት፦

«ንገረው። መስኮታችንን እየከፈትን ነው በለው።»

«ሰምቻለሁ በላት» አለ ቀዳዳው።

«ንገረው። ቅር የሚለው ከሆነ አሁኑኑ ይናገር በለው።»

«ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው በላት። መሰላላችሁን መቼ ነው የምትወስዱልኝ በላት።»

ቱንቢ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲገላመጥ አንገቱ እንደ ዶሮ ሆኖ ነበር።

«የቱን መሰላል?» አሉ አማቷ፤ ቱንቢን ጭራሽ ረሱት።

«ስንት መሰላል አላችሁ? ያን ዕለት ሲመሽ ላስረክባችሁ ተሸክሜ መጣሁ። ባልሽ በጠዋት ያን ስም ሰጥቶኝ ስለነበር በፊት በር መምጣቱን ተውኩትና፣ እዚችው መስኮት ሥር አቆምኩት፤ መስኮቱን ስትከፍቱ ታዩታላችሁ ብዬ። ሲነጋ መስኮት የለም፤ ግድግዳ ሆኗል።»

«እና እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ እዚሁ ቆሟል። ተጠቀመበት እንዳልባል እጄን አላሳረፍኩበትም። አንድ ቀን ጣሪያዬ ሲያፈስ እንኳ ከሌላ ሰው ነው የተዋስኩት።»

አማቷ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ትራሳቸው ከዚያ መሰላል የሚርቀው ጥቂት ክንድ ብቻ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን አብረውት ሲያድሩ ኖረዋል።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» አሉ ቀስ ብለው። «አይ የኔ ሰውዬ። ምነው ከመድፈንህ በፊት አንዴ ብቻ ወደ ውጭ ብታይ ኖሮ።»

ሰፊዋ ያለቅሳሉ ብላ ክንዳቸውን ልትይዝ ጠጋ አለች። ትከሻቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳል የመሰለው ነገር መጣ፣ ከዚያ አማቷ በሳቅ ፈረሱ። ቱንቢ ተከተለ። ሰፊዋም ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከማዶም ቀዳዳው ይስቅ ነበር፤ ዓይኑ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቶ።

«ክፈቱት» አሉ ባቡር ነጂው ሲበርድላቸው። «ጡቡን ወደኔ በኩል ጣሉት፤ ለመደብ የሚሆን አገኘሁ። ብቻ መሰላሉን አደራ፤ ሐረግ ወጥቶበታል፣ ብታነሱት ይሞታል።»

«የኛን መሰላል አታንሱ ይለናል እንዴ?» አሉ አማቷ።

«መሰላሉ የናንተ ነው፣ ሐረጉ የኔ ነው።»

«ነገ እንነጋገራለን» አሉ አማቷ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ከእኒያ ሰውዬ ጋር ነገ የሚባል ቃል ከተለዋወጡ ስንት ዘመን እንደሆነው አላሰቡም። ሰፊዋ ግን አሰበችና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ዓርብ ጡቡ ሁሉ ወጣ፣ ወለሉ ተጠረገ፣ መስኮቱ ተገጠመ። ቱንቢ ሦስት ጊዜ በውሃ ልክ አየው። ቅዳሜ ጠዋት ጠርዙን ለሰነው። ከአሮጌው መስኮት ቦታ ጋር እንደ ቁልፍና ቀዳዳው ገጠመ፤ መጋረጃው ግን አልገጠመም። ለሌለ መስኮት የተለካ ስለነበር ከእውነተኛው በጣም ረዝሞ ወለሉ ላይ ተንጋለለ። ከሰዓት በኋላ ሰፊዋ ልታሳጥረው አውርዳ፣ ስፒል ይዛ፣ ጠርዙን መለካት እንደጀመረች በሩ ተንኳኳ።

ሰፊዋ ቀጥ አለች። «እነግራታለሁ» አለች በሹክሹክታ። «መስኮቱ የትናንት ነው ብዬ እነግራታለሁ።»

«ሱቁስ?»

«ካልነገርኳት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ስንት ዓመት ይጨንቀኛል እማማ።»

«መጀመሪያ ትየው። ከዚያ ትነግሪያታለሽ። እስከዚያው በይ ይሄን ጉረሺ» ብለው ስፒሎቹን ከመዳፏ አንስተው ከንፈሯ ውስጥ ሰኩላትና በሩን ሊከፍቱ ሄዱ።

ነርሷ ድምፅ የሌለው ጫማ ያደረገች፣ ገና ከእንቅልፏ ያልነቃች የምትመስል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ቤቱን ዝም ብላ ዞረች። ላይኛውን ፎቅ አየች፤ አላለከለከችም። ኩሽናውን አየች። ውሃውን ከፈተች፣ ዘጋች። ሰፊዋ አፏ በስፒል ተሞልቶ እንደ ጥላ ተከተለቻት። አማቷ የቤቱን ነገር ሲናገሩ ነርሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ምን እንዳሰበች ፊቷ አይናገርም። በመጨረሻ ወደ ኋላ መኝታ ክፍል ደረሱ።

ፀሐይዋ ልክ እዚያ ደርሳ ነበር። በመስኮቱ ገብታ አልጋውን አልፋ እስከ በሩ ድረስ ወለሉን ሞልታዋለች። የክፍሉ አየር ውስጥ የቀረው የስሚንቶ ብናኝ ሁሉ እየበራ ይንሳፈፋል። ከብርጭቆው ማዶ፣ በአንድ ጠርዝ፣ የመሰላሉ ጫፍ ይታያል፤ ሐረጉ ወጥቶበት፣ ቅጠሉን ንፋስ እያወዛወዘው። ቁም ሳጥኑ ትቶት የሄደው አሻራ ከዳርና ከዳር ቀርቷል፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ግን ማንም አያየውም። ሰፊዋ እንኳ ይህን ክፍል በዚህ ሰዓት ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። በዚህ ቤት የኖረችው ዘመን ሁሉ ትዝ አላት። ለአፍታ ላትሸጠው ፈለገች።

ነርሷ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ ልስኑ ውስጥ ገባ።

«እርጥብ ነው» አለች።

አማቷ ወደ ጣሪያው አዩ። ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች ክንዷ ላይ የታሰረው ትራስ ላይ መሰካት ጀመረች። የመጨረሻውን ሰካች።

«እርጥብ የሆነው» አለች፣ «መስኮቱ ትናንት ስለተሠራ ነው። ሲጽፉልን መስኮት አልነበረም። መጋረጃው የተሰቀለው ቆሻሻ ለመሸፈን ነበር፤ ማሽኑ መስኮት ነው ብሎ ጻፈ። አይደለም ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፣ ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ እሺ አልኩ፤ ማለት አልነበረብኝም። ከዚያ መስኮት ድሮ እንደነበረው ሰማንና ከፈትነው። ይኸው ነው። ቢሄዱም አልቀየምም።»

ነርሷ ጣቷ ላይ ያለውን ስሚንቶ አየች። ከዚያ ሰፊዋን አየች። ከዚያ መስኮቱን።

«ስለዚህ ይሄን መስኮት ያዘዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች።

«እንደሱ ብንል…» አለች ሰፊዋ።

«ማንም በልኬ ነገር ሠርቶልኝ አያውቅም። ሥራ ቦታ የሚሰጡኝ ጋዋን እንኳ እጅጌው ሁልጊዜ ይረዝምብኛል።» ፊቷ ላይ የነበረው እንቅልፍ ተነነ። ሳቋ መጣ፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ የሳቀችበትን ትታ ፀሐይዋ ላይ እግሯን ዘረጋች። «መጋረጃውስ ይቀራል? ጠዋት ልተኛ ስል ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው የምፈልገው።»

«ይቀራል» አለች ሰፊዋ። «አሳጥረዋለሁ። ጋዋንዎንም ያምጡት።»

«መሰላሉስ?»

«እሱ የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም» አለ ከውጭ አንድ ድምፅ። ባቡር ነጂው መስኮቱ ሥር ከአዲሱ ጡብ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ኖረዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ቤት ጆሮ አትጣል» አሉ አማቷ መስኮቱን እየከፈቱ። ክርክሩ ነርሷ ወጥታ እስክትሄድ ድረስ አላቆመም፤ ከሄደችም በኋላ ቀጠለ።

አመሻሹ ላይ የደላላው መልእክት መጣ። ገዢዋ ቤቱን በተጠየቀው ዋጋ እወስዳለሁ ብለዋል። ሰፊዋ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለፎቶ አንሺው ደወለችና፣ «መስታወቱን አጽዳልኝ፤ እኔ ነኝ የምገባው» አለችው። ድምፁ ሲስቅ ስትሰማ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ እንደ ልጅ በአንድ እግሯ።

ከዚያ ኅሊናዋ እንዳይወቅሳት፣ የተከፈተውን መስኮት ፎቶ አንስታ ለደላላው ላከች። አሁን እውነተኛ መስኮት አለ፣ እባካችሁ አርሙት ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ።

«ምን ይላል?» አሉ አማቷ ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

«ስለ አዲሱ ፎቶ እናመሰግናለን። መስኮት አልተገኘም። የተሰቀለ ሥዕል ተገኝቷል። የሥዕሉ ጭብጥ፦ መሰላልና ሽማግሌ።»

«ማነው ሽማግሌ?» አሉ ባቡር ነጂው ከውጭ።

ሰፊዋ ይህን ጊዜ ሳቋን መግታት አልሞከረችም። እየሳቀች በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ መጋረጃውን ጉልበቷ ላይ አነጠፈች፣ የተረፈውን ቆረጠች፣ ጠርዙን አጠፈች። ከመስኮቱ ወዲህና ወዲያ ስለ ሐረግና ስለ መሰላል የሚካሄደውን ሙግት እየሰማች ከዳር እስከ ዳር ዘመዘመችው። የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች። መጋረጃውን አራት እጥፍ አጥፋ፣ ልስኑ እስኪደርቅ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።